በጭናቸው ላይ የያዙልኝ ስልጆ

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም። ጎረቤቶቼ ስለዚያ ክረምት አንስተው ሲያመሰግኑኝ አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ፤ እነሱ ደግሞ ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትና አይደለም። ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁልኝ ትረዱታላችሁ።

ያኔ ቡራዩ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ፣ የቤት ኪራይ ገፍቶ ያስወጣኝ፣ ወደ ገፈርሳ በኩል ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቼ በየማለዳው በሚኒባስ የምመላለስ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ስሜ ሰናይት ነው። መሥሪያ ቤት ግን የሚጠሩኝ “ባለማባያዋ” እያሉ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በምሳ ዕቃ ነው። ጾም ሲገባ ሁላችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ምሳ ዕቃችንን ስንከፍት ከሁሉም የሚወጣው ሽሮ ነው። አንድ ቀን ከቤት በብልቃጥ ዳጣ ይዤ ሄድኩ፤ ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር በድንጋይ የፈጨሁት። በማግስቱ አዋዜ ወሰድኩ። ከዚያ ደግሞ ለሰላጣ የሚሆን፣ ሎሚና ዘይት ከትንሽ ሰናፍጭ ጋር መትቼ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ሽሮውን ትቶ የእኔን ብልቃጥ ማየት ጀመረ። ምስጋና እወዳለሁ፣ አልደብቃችሁም። አንዷ “እጅሽ ይባረክ” ካለችኝ ቀኑን ሙሉ እሱን እያሰብኩ ነው የምውለው።

ስልጆ ያስተማሩኝ አዴ ድንቄ ናቸው። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። እሳቸው፣ ባለቤታቸው ኦቦ ቶሎሳና ልጃቸው ገመቹ ከተማው ሳይደርስባቸው ጀምሮ እዚያው መሬት ላይ ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ከተወራ ወዲህ የእርሻቸው ዳር ላይ ችካል ተተክሎ ነበር። ፕላኑ ቀርቷል ከተባለ በኋላም ችካሉን የነቀለው የለም፤ ወጣቱም ለተቃውሞ ከወጣበት መንገድ አልተመለሰም። ገመቹ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። እናቱ ሌላውን ሁሉ ትተው እሱ ከግቢ እንዳይወጣ በር በሩን ሲያዩ ነው የሚውሉት።

ስልጆ ለማያውቀው ልንገር። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ እንደ ገንፎ ላላ ብሎ ይበስልና ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይገባበታል። ከዚያ እንዲፈላ ይተዋል። አዴ ድንቄ ሲያስተምሩኝ ማማሰያውን አያስነኩኝም ነበር።

“ይቀዝቅዝ፣ ኢንተላ ኮ” ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “ትኩሱ ላይ ሰናፍጭ ከጨመርሽ ይመርሻል።”

“እሺ አዴ።”

“ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው አትንኪው። ይፈላል፣ ይተነፍሳል። አፉን በጨርቅ ሸፍኚው። በክዳን እንዳትዘጊው።”

እሺ ብዬ ነበር። ችግሩ ፍልሰታ ሲገባ ለቢሮ ሰዎች “በመጀመሪያው ሳምንት ስልጆ አበላችኋለሁ” ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ነበርና ጸንቼ መጠበቅ አልቻልኩም። በአራተኛው ቀን ማታ ሳልተኛ በፊት ከማሰሮው ብቀምሰው ገና ጥሬ ጥሬ ይላል። ጥሬነቱ እንዳይታወቅብኝ ሚጥሚጣ አበዛሁበትና በሦስት የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ሞላሁት። ከዚያ በፊት አዋዜ ታክሲ ውስጥ ፈስሶብኝ የአንዲት ሴት ቀሚስ አበላሽቼ አሳሬን አይቼ ስለነበር፣ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ባለኝ ጉልበት ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። የአዴ ድንቄ ምክር ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ትዝ ብሎኛል። እስከ ምሳ ሰዓት ምን ይሆናል ብዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ቦርሳ ይዤ ወጣሁ። በአንዱ ዳጣውና የሰላጣው ማጣፈጫ፣ በሌላው ስልጆው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቶ ስለነበር ሰው ታክሲ ላይ ተረባርቧል። አዴ ድንቄ ዓይናቸውን ሊታዩ አስኮ የሚሄዱ ኖሮ ተራው ላይ አገኘኋቸው። ነጠላቸው ገና ከሳጥን የወጣ ንጹሕ ነው። በሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔ በስተግራቸው ገባሁ።

“አንዱን አምጪ፣ ጭኔ ላይ ልያዝልሽ” አሉኝ።

የስልጆውን ሰጠኋቸው። ትንሽ እንደሄድን ቦርሳውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

“ስልጆ ነው?”

“አዎ አዴ።”

“ሳምንት ሞላው?”

“ሞልቶታል።”

መዳፋቸውን ቦርሳው ላይ እንዳደረጉ ቆዩ። “ይሞቃል” ብቻ አሉ። እኔ ወደ ውጭ ባሕር ዛፉን እያየሁ እንዳልሰማ ሆንኩ።

አስኮ ሳንደርስ ፍተሻ አስቆመን። መንገዱ ዳር የተቃጠለ ጎማ አሁንም ይጨሳል። በሩን የከፈተው ወጣት ፖሊስ ዓይኑ ደም መስሏል፤ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ አይመስልም። መታወቂያችንን አንድ በአንድ አየና አዴ ድንቄ ጭን ላይ ያለውን ቦርሳ በዱላው ነካ አደረገው።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“የጾም ነው ልጄ” አሉት። “ስልጆ ነው።”

“ምን?”

አንዱን ጠርሙስ አወጣው። ጠርሙሱ ተነፍቶ ሊፈነዳ ደርሷል። ቢጫ ፈሳሽ፣ ውስጡ አረፋ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሰሞን ታክሲ ውስጥ ሲገኝ ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። ፊቱ አጠገብ ይዞ እያገላበጠ አየውና ክዳኑን ጠመዘዘው።

ጧ አለ። ክዳኑ የታክሲውን ጣሪያ መታው፤ ስልጆው ከነሰናፍጩና ከነሚጥሚጣው ዓይኑ ውስጥ ገባ። ፖሊሱ ጮኾ ወደ ኋላ ወደቀ። ተሳፋሪው ተኩስ መስሎት ወንበር ሥር ተደፋ፤ ከውጭ ያሉት ባልደረቦቹ ጠመንጃቸውን ወደ እኛ አዞሩ። አንደኛው ጎልማሳ ሮጦ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

“ቦርሳው የማነው?”

ጥያቄው አየር ላይ እንኳ ሳይቆይ አዴ ድንቄ “የኔ ነው” አሉ።

እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው። ንጹሑ ነጠላቸው በቢጫ ተበላሽቷል። ወደ እኔ አልዞሩም። “የእሳቸው አይደለም፣ የእኔ ነው፤ ስልጆ ነው፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ” ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ቃሉ ነበር። ነገር ግን ጠመንጃው ፊቴ ላይ ነበር። ደግሞ ሌላም ነገር አሰብኩ፤ ከጠመንጃው ይልቅ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። “እሳቸው አሮጊት ናቸው፤ ይለቋቸዋል። እኔ ሥራ አለኝ” ብዬ አሰብኩ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነበር። የአዲስ አበባ አነጋገር ያላትን የቢሮ ሠራተኛ ነበር በሁለት ቃል የሚያምኗት። እሳቸው ኦሮምኛ ባጀበው አማርኛቸው፣ እቤታቸው በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ እያላቸው፣ ስንት ጥያቄ እንደሚጠብቃቸው አውቅ ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ሹፌሩ “ሂድ” ሲባል ነዳው። ከኋላ አንድ ሰው “ምስኪን” አለ። ማንን እንዳለ አላውቅም። ሁለተኛው ቦርሳዬ እግሬ ሥር ነበር።

እናንተዬ፣ ያንን ቦርሳ ይዤ ቢሮ ገባሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ማጣፈጫውን ሰላጣው ላይ አፈሰስኩላቸው። “ስልጆውስ?” አለችኝ አንዷ። “አልደረሰም” አልኳት። ሰላጣውን ቀምሳ “እጅሽ ይባረክ” አለችኝ። እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅሁት። ሽንት ቤት ገብቼ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ የሰናፍጩ ሽታ ግን ከጣቴ አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ መንገዱ እንደገና ተዘግቷል ተባለ። ከአስኮ በእግሬ ተነሣሁ። ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ፣ ካፊያው እየመታኝ፣ መንገዱን ሙሉ የማስበው ተለቀው እቤታቸው ቁጭ ብለው እንደማገኛቸው ነበር። ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር። ገና ሳይጨልም ስደርስ ኦቦ ቶሎሳ በራቸው ላይ ቆመዋል።

“ሰናይት፣ ድንቄን አየሻት? ጠዋት አብራችሁ አልነበራችሁም?”

ከኋላቸው ገመቹ ጃኬቱን ለብሶ ቆሟል። እናቱን ሊፈልግ መውጣት ይፈልጋል፤ አባቱ በሩን ይዘው ከለከሉት።

“አስኮ ወረድን አባባ። ከዚያ ተለያየን” አልኳቸው።

ይህን ውሸት ማን አስገደደኝ? ጠመንጃ የለም፣ ፖሊስ የለም። አንድ የጨነቃቸው ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ኦቦ ቶሎሳ “እህቷ ጋ ልታድር ይሆናል፤ መንገድ ስለሌለ” ብለው ልጃቸውን አጽናኑት። እኔ በሰጠኋቸው ውሸት ተጽናኑ። ቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ በአጥሩ በኩል ገመቹ ሲጨቃጨቅ ይሰማኛል፤ “እኔ እሄዳለሁ፣ ምን ያመጣሉ!” ይላል። ቢወጣ የሚያዘው እሱ ነው። እናቱ ቀኑን ሙሉ በር በር ሲያዩ የኖሩት ለዚህ አልነበረም?

ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም። ሲነጋ ከማሰሮው የቀረውን ስልጆ በሳህን ቀዳሁ፤ እንጀራ ጠቀለልኩና ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሄድኩ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ጸጉራቸው የሸበተ ኃላፊ ናቸው።

“ትናንት ከታክሲ ላይ የተያዙት እናት ቦርሳ የእኔ ነው” አልኳቸው። “ውስጡ ያለው ስልጆ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።”

“ስልጆ” አሉ ቀስ ብለው። “እሳቸውም እንዲሁ ነው የሚሉት። ታዲያ ምን ሆኖ ይፈነዳል?”

ሳህኑን ከፈትኩት። እንጀራ ቆርሼ አጥቅሼ ፊታቸው በላሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ጾሜን ገደፍኩ። ሰናፍጩ አፍንጫዬን ሲወጋኝ እንባዬ መጣ፤ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ኃላፊው ሳህኑን ወደ እሳቸው ሳብ አድርገው አሸተቱት።

“ገና አልደረሰም እኮ” አሉ። “ማነው በክዳን የዘጋው?”

“እኔ።”

“እናቴ ብታይሽ በማማሰያ ነበር የምትልሽ።” ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። “እናትየዋን እንዲያመጧቸው ንገር” ብለው በሩ ላይ ላለው አዘዙ።

አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሙሉ የሸሸሁት ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ጥግ ላይ አንድ ዓይኑን በፋሻ የሸፈነ ሰው ተቀምጦ ነበር። ያ ወጣት ፖሊስ ነው። በቀረው ዓይኑ ትኩር ብሎ አየኝ።

“አንቺ ትናንት አጠገባቸው አልነበርሽም?” አለኝ።

“ነበርኩ።”

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከስድብ ሁሉ ያ ይከብዳል።

አዴ ድንቄ ሲወጡ ነጠላቸው ላይ ቢጫው ደርቋል። ዳቦ ሰጥተዋቸው ሰዓቱ ካልደረሰ አልበላም ብለው፣ ሲደርስም አልወረደላቸውም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አቆሙኝ።

“ገመቹ ወጣ?” አሉኝ። የመጀመሪያ ቃላቸው እሱ ነበር።

“አልወጣም። አባባ ያዙት።”

“እንግዲያው ይበቃል። የሆነውን እቤት እንዳትናገሪ። ገመቹ ከሰማ ወይ ካንቺ ጋር ይጣላል ወይ መንገድ ይወጣል። ይዘውኝ እንደነበር ሰምተሽ መጥተሽ አስፈታሽኝ። በቃ።”

እቤት ስንደርስ ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው መረቁኝ። ገመቹ፣ ያ ለማንም የማይበገር ልጅ፣ እጄን ሊስም አጎነበሰ። ጎረቤቱ ሰምቶ መጣ፤ “የከተማ ልጅ ናት ብለን ነበር፤ ሰው ናት ለካ” አለች አንዷ። አዴ ድንቄ የተበላሸውን ነጠላ በባልዲ ሲዘፈዝፉ ነበር። እኔም ምርቃቱን ቆሜ ተቀበልኩ። ምስጋና እወዳለሁ ብያችሁ አልነበር? ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ምስጋና የምፈራው ነገር የለም።

ይኸው ዓመታት አለፉ። እኔም አዴ ድንቄም እዚያው ነን። ፍልሰታ በመጣ ቁጥር አዴ ድንቄ በማሰሮ ስልጆ ይልኩልኛል፤ አፉ በጨርቅ የተሸፈነ። እኔ ለቢሮ ማባያ መውሰድ ትቻለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ጊዜ የለኝም እላለሁ።

ከእናንተ መካከል ሌላ ሰው በጭኑ ላይ ጣጣውን የያዘለት ካለ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ፈሪ መሆኔን ማወቄ አይደለም ያሳፈረኝ። ፈሪ ብዙ ነው። እኔን የሚያሳፍረኝ ፍርሃቴ ካለፈ በኋላ የተሰጠኝ ምርቃት ነው፤ እሱን አንድም ቀን አልመለስኩም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለማንም ከማሳየቴ በፊት አዴ ድንቄ ጋ ሄድኩ። ገመቹ አሁን አግብቶ ከሰበታ ወዲህ ዓለም ገና ይኖራል፤ ሁለት ልጆች አሉት። “ቢታወቅ ይከፋዎታል?” አልኳቸው።

“አንብቢልኝ” አሉ። ዓይናቸው ከድሮውም ደክሟል።

ከላይ እንዳነበባችሁት አንድም ሳላስቀር አነበብኩላቸው። ስለ ስልጆው አሠራር ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የታክሲው ላይ ስደርስ፣ “ጥያቄው አየር ላይ እንኳ ሳይቆይ” ያልኩት ላይ፣ እጃቸውን አነሱ።

“እሱ እንዲያ አይደለም” አሉ።

“ምኑ አዴ?”

“ወዲያው አይደለም እኔ የተናገርኩት። ሦስት ጊዜ ነው የጠየቀው። ‘የማነው’ አለ። ዝም አልኩ፤ አየሁሽ። ‘የማነው’ አለ። አየሁሽ። አንቺ ውጭ ውጭውን ታያለሽ። ሦስተኛ ሲል ነው የኔ ነው ያልኩት።”

ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ። እነዚህን ሁሉ ዓመታት በቶሎ እንዳሉት አድርጌ ነበር የማስታውሰው። በቶሎ ካሉት እኔ ለመናገር ጊዜ አላገኘሁም ማለት ነዋ።

“እየጠበቅሁሽ ነበር” አሉኝ። ቁጣ የለበትም ድምፃቸው።

የጻፍኩትን አላረምኩትም፤ ራሴን እንዴት እንደሸነገልኩ እንድታዩት እንዳለ ትቼዋለሁ። በማግስቱ ግን ዓለም ገና ወርጄ የገመቹን በር አንኳኳሁ። እንደ ልማዱ ተነሥቶ እጄን ሊስም ሲያጎነብስ እጄን ሳብኩት። ማንም አልጠየቀኝም።

“ገመቹ” አልኩት፣ “ያ ቦርሳ የእኔ ነበር።”